ጆሮ ያለው ጠገራ

ሥራ የጀመርኩ ቀን የወርቅ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ከድር መጥረጊያ ሰጡኝ። እኔ ሚዛን እይዛለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ውጤት አልመጣልኝም። ወደ ትውልድ መንደሬ ደካ ተመልሼ እናቴ ቤት መቀመጥ ደግሞ አልፈለግሁም። ቦንጋ ገበያው ዳር ያለው ወርቅ ቤት ሠራተኛ ይፈልጋል ሲባል ሰምቼ ነው የሄድኩት።

"ማን ትባያለሽ?"

"ትዕግሥት።"

ቁልቁል አዩኝ። እግሬ እንደ ልማዱ ዝም ብሎ አልቆመም ነበር። "ስም ያወጡልሽ ተስፋ አድርገው ነው" አሉኝ። "በይ ጥረጊ። ወደ በሩ ግን እንዳትጠርጊ፤ እዚህ ቤት የሚጠረገው ወደ ውስጥ ነው።"

ወርቅ ቤት ውስጥ ቆሻሻ የሚባል ነገር የለም። ወርቅ የሚሞረደው ቆዳ ተነጥፎ ስለሆነ ብናኙ አይጠፋም። የብር ብናኝ ግን መሬት ይወርዳል። ጥራጊውን አቃጥለን፣ አመዱን አጥበን፣ ብረት ብረቱን በማግኔት ለቅመን፣ የቀረውን ማቅለጥ ከሚያግዘው ከቦራክስ ዱቄት ጋር ስናቀልጠው ከታች የምስር ፍሬ የምታክል ብር ትገኛለች። በጋሽ ከድር ቤት ደንብ ይህቺ ፍሬ የጠራጊው ናት። ልጅ ሳሉ ደሴ ከተማ በአባታቸው ወርቅ ቤት ሲጠርጉም እንዲሁ ነበር አሉኝ።

እኔም ፍሬዎቼን ባዶ የቫዝሊን ቆርቆሮ ውስጥ ማጠራቀም ጀመርኩ። ቆርቆሮው ሲሞላ አዲስ አበባ ሄጄ ፈርጥ መግጠም ልማር ነበር ሐሳቤ። ጋሽ ከድር ቀለበት ይሠራሉ፣ ድንጋይ ግን አይገጥሙም። ቦንጋ ውስጥም የሚገጥም አላየሁም።

ቀጥሎ ጠገራ ብር መለየት አስተማሩኝ። የሴትዮዋ ምስል ያለበት ያ ትልቁ የድሮ የብር ሳንቲም ነው። መጀመሪያ ድንጋይ ላይ ትጥይዋለሽ። የውሸቱ ዱብ ይላል፣ የእውነቱ ያቃጭላል። ከዚያ ትመዝኛለሽ። ከዚያ ጠርዙ ላይ ያለውን ጽሑፍ በጥፍር ትዳብሻለሽ። በመጨረሻ ሴትዮዋ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ በማጉያ መነጽር ታያለሽ፤ ነጥቦቹ ከተድበሰበሱ ተጠራጠሪ። ብዙዎቹ አንገት ላይ የኖሩ ስለሆኑ ለማንጠልጠያ ትንሽ ቀለበት ተበይዶባቸዋል። ያንን እኛ ጆሮ እንለዋለን።

ጠገራ ሻጭ ከገጠር ነው የሚመጣው። ገዢያችን ደግሞ በአብዛኛው አንድ ሰው ነበሩ፤ አቶ ታደሰ።

አቶ ታደሰ ዞን መሥሪያ ቤት ተመድበው የመጡ የጎጃም ሰው ናቸው። ቤተሰባቸው እዚያው ነው። እዚህ አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። በገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ ጃንጥላቸውን በር ላይ ያራግፉና ዱካው ላይ፣ አጭሩ በርጩማችን ላይ፣ ይቀመጣሉ። የገዙትን ሁሉ የእኛ ካዝና ውስጥ ያስቀምጡ ነበር። "የእኔ ክፍል በር በትከሻ ይከፈታል" ይላሉ። ስለዚህ ኮሌክሽናቸውን ለማየት እኛ ጋ መምጣት ነበረባቸው። ለማየት ብቻ ይመጡ እንደነበር ግን እጠራጠራለሁ።

መጀመሪያ የሚያብረቀርቅ ነበር የሚወዱት። በሎሚና በአመድ እያሸሁ መስታወት አስመስልላቸው ነበር። አንድ ቀን ስልካቸውን ይዘው ሮጠው ገቡ።

"አትሺ! አትሺ! ገድለሽዋል! ኦሪጅናል ኮንዲሽኑ እኮ ጥቁረቱ ነው!"

"እሹልኝ ያሉት እርስዎ ነዎት።"

"ያኔ አላወቅሁማ!"

ከዚያ በኋላ ጥቁር ብቻ ሆነ። ቦንጋ ዝናቡ ስለማያባራ ብር ቶሎ ይጠቁራል፤ በዚህ ተደሰቱ። ቀጥሎ ልባቸው ወደ ምኒልክ ብር ዞረ። ብሩ ላይ የተቀረጸው አንበሳ ያነሣው የቱን እግሩን ነው እያሉ አንድ ክረምት ሙሉ አደረቁን። ጋሽ ከድር "አንበሳው ራሱ እንዲህ አላሰበበትም" ብለው ሳቁባቸው። ከዚያ ደግሞ አንገት ላይ የኖረ፣ ያለቀ፣ ጆሮ ያለው ካልሆነ አሉ። "ይሄ ሰው ነክቶታል፣ ታሪክ አለው" ይሉ ነበር። በፊት ጆሮውን አስነቅለው፣ ቦታውን አስሞርደው ነበር የሚገዙት።

እትዬ አስካለች የመጡት በዚያ በጆሮው ጊዜ ነው። ከዋጫ መስመር ኮረሪማ ይዘው ገበያ የሚወጡ ሴት ናቸው። ጠገራቸውን ከአንገታቸው አወጡ። እናታቸው ለሠርጋቸው ያሰሩላቸው ነው። ትልቁ ልጃቸው ሞተር ካልገዛሁ ብሎ ቤቱን አምሶት ነበር። አቶ ታደሰ እዚያው ተቀምጠው ስለነበር ወዲያው ገዙት። ክሩን ፈትቼ ለእትዬ መለስኩላቸው።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን እትዬ አስካለች ተመልሰው መጡ። በከፋ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ "ልየው?" አሉኝ። ካዝናውን ከፍቼ ሰጠኋቸው። በመዳፋቸው ይዘው ትንሽ ቆዩ፤ አንገታቸው ላይ አስጠግተው ደግሞ መለሱልኝ። ኮረሪማ በእፍኝ ትተውልኝ ሄዱ። ከዚያ በኋላ አንድም የገበያ ቀን አልቀሩም። አቶ ታደሰ ሲያዩዋቸው ከዱካው ይነሡላቸው ነበር። ቋንቋ አይግባቡም፤ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ሰላም ይባባላሉ።

ቦንጋ የሚመጣ ሰው ብዙው የሚሄድ ነው። መምህሩ ይዛወራል፣ ተማሪው ቀለበት አሠርቶ ይመረቃል። አብረውኝ የተማሩት ሁሉ የሆነ ቦታ ሄደዋል። ማታ ሱቅ ዘግቼ የኪራይ ቤቴ ስገባ የሚያናግረኝ የጣሪያው ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ ነው። እውነቱን ለመናገር የገበያ ቀንን የምጠብቀው ለሽያጩ አልነበረም።

አንድ ቀን አቶ ታደሰ ገብተው አልተቀመጡም።

"ዝውውሬ ደረሰ" አሉ። ፊታቸው በርቶ ነበር። "ጋሽ ከድር፣ ሁሉንም ጥፍጥፍ አድርጉልኝ።"

ጥፍጥፍ ማለት ቀልጦ ፎርማ በምንለው የብረት ቅርጽ ውስጥ የሚፈስ፣ ሳሙና የመሰለ የብር ጡብ ነው። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ስለ እሱ ብቻ እንደሚያነቡ አውቅ ነበር። ቢሆንም የራሳቸውን ያስቀልጣሉ ብዬ አልጠበቅሁም።

"ምኒልኩንም?" አልኳቸው።

"ሁሉንም። ሳንቲም ጣጣ ነው ትዕግሥት። አንዱ ታሽቷል፣ አንዱ ተበይዷል ይሉሻል። ጥፍጥፍ ግን ጥፍጥፍ ነው። ለመንገድም ይመቻል።"

"የእትዬ አስካለችን ይተዉት።"

"ሸጠውልኛል እኮ።"

"ሸጠዋል። ግን ይመጣሉ።"

ወደ ዱካው አዩ። "ፎርማው አይሞላማ" አሉ ቀስ ብለው። "ልክ የሚወጣውን አስልቼ ነው የመጣሁት።"

ጋሽ ከድር ወናፉን እያዩ "ንብረቱ የሳቸው ነው፣ ልጄ" አሉኝ።

ቤቴ ሄጄ የቫዝሊን ቆርቆሮዬን አመጣሁ። ባለ ሁለት ሳህኑን አሮጌ ሚዛን አወረድኩ። በአንዱ ሳህን ጠገራውን አስቀመጥኩ፣ በሌላው ፍሬዎቼን አፈሰስኩ። ሚዛኑ እኩል ሲሆን ቆርቆሮው ውስጥ ጥቂት ፍሬ ብቻ ቀረ።

"ብር በብር ነው" አልኳቸው። "ፎርማዎ ይሞላል።"

አቶ ታደሰ አንዷን ፍሬ አንሥተው አገላበጧት። "ይሄ ከየት መጣ?"

"ከወለሉ።"

ጋሽ ከድር ወደ ቆርቆሮዬ አዩ። አዲስ አበባ ለመሄድ እንደማጠራቅም ያውቁ ነበር። "እርግጠኛ ነሽ?" አሉኝ። ነኝ አልኩ። አልነበርኩም። ግን ከዚያ በላይ ብቆም ፍሬዎቹን መልሼ እንደምለቅም ስለማውቅ ማቅለጫውን አቀበልኳቸው።

ጠገራ ሲቀልጥ መጀመሪያ ይቀላል። ከዚያ ጠርዙ ይላላል፣ የሴትዮዋ አፍንጫ ይጠፋል፣ ከዚያ ድንገት ውኃ ይሆናል። የታሸው ካልታሸው አልተለየም። አንበሳውም ሁለቱንም እግሩን አጣ። አቶ ታደሰ አልተመለከቱም፤ በሩ ላይ ቆመው ባጃጅ ይጠብቁ ነበር። ጥፍጥፎቹን በጋቢ ጠቅልለው ሲወጡ "አይዞሽ እሺ" አሉኝ። ለምን እንዳሉኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ጃንጥላቸውን ረስተው ሄዱ። ሰው ይልካሉ ብዬ አስቀመጥኩት፤ አልላኩም።

በገበያው ቀን ጠገራውን በጥቁር ክር አስሬ ጠበቅሁ። እትዬ አስካለች ረጥበው ገቡ። ባዶውን ዱካ አይተው እኔን አዩኝ።

"ሄዱ" አልኳቸው። "ይሄ ግን የእርስዎ ነው። ይውሰዱት።"

"በምን ልውሰድ?"

"በምንም። ተከፍሏል።"

ጠገራውን አንገታቸው ላይ አጠለቁ። የልብሳቸውን አንገትጌ ዘግተው ደረታቸውን መታ መታ አደረጉ። እኔም ሥራዬን የጨረስኩ መሰለኝ። ከዚያ አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

"አይሆንም የኔ ልጅ።"

"ለምን?"

"ትልቁ ሞተሩን ገዛ። አሁን ደግሞ ታናሹ እየጠየቀኝ ነው። ቤት ካየው በሳምንቱ ሞተር ይሆናል።" ጠገራውን በአንድ ጣት ወደ እኔ ገፉት። "እዚህ ሲሆን የተሸጠ ነው። የተሸጠ ነገር ማንም አምጪ አይለኝም።"

ለዚህ ነው ቆርቆሮዬን ያራገፍኩት? ልናገራቸውም አሰብኩ። አዲስ አበባ እሄዳለሁ፣ ያለ እኔ ደግሞ ጋሽ ከድር የእርስዎን ቋንቋ ከገበያ ቃል በላይ አይችሉም ልል ነበር።

"አንቺ አለሽ አይደል?" አሉኝ፣ ኮረሪማውን ከከረጢታቸው እያወጡ።

"አለሁ" አልኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት ከጋሽ ከድር ጋር ጥራጊ አቃጠልን። የወጣችውን ፍሬ ቆርቆሮው ውስጥ ጣልኳት፤ ጥቂት ፍሬ ብቻ ስለቀረበት ድምፅዋ ጎልቶ ተሰማ። እግሬ አሁንም ዝም ብሎ አይቆምም። የገበያ ቀን ሲደርስ ግን ካዝናውን ቀድሜ እከፍታለሁ፣ ዱካውን እወለውላለሁ።

ወደዚህ ሙያ ለምትገቡ ያለኝ ይህ ብቻ ነው። ገዢ ልቡ ሲዞር ይሄዳል። ተመልሶ የሚመጣው ሻጩ ነው። በገበያ ቀን ሱቁን ክፈቱ።