ፎቶ ያልተነሳንበት ዓመት

አባቴ የሞተ ዕለት፣ ድንኳኑ ተተክሎ ሳያልቅ፣ ከእኔ የተጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፎቶ። እህቴ በር ላይ ቆማ «ጥሩ የምትለውን አውጣና አሳጥበህ ና፤ አንተ መቼም አታጣም» አለችኝ። ኮምፒውተሬን ከፍቼ ተቀመጥኩ። የሰባት ዓመት ፎቶ አለኝ። የእንጦጦ ጉም አለኝ፤ በጉም ውስጥ የቆመ ባሕር ዛፍ አለኝ፤ ያንኑ ባሕር ዛፍ ጉም ሳይኖር አንስቼዋለሁ። እንጨት ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ ሴቶች ጀርባ አለኝ። አባቴ ግን የለም። አንድ የገና ፎቶ ላይ ክርኑ አለ፤ የዶሮ ወጡን ሳነሳ ጠርዝ ላይ የገባ ክርን።

በመጨረሻ የመታወቂያው ጉርድ ፎቶ በትልቁ ታተመ። የማኅተሙ ግማሽ ግንባሩ ላይ አርፎ ስለነበር ፎቶ ቤቱ ሊያጠፋልኝ ሞክሮ ከቅንድቡ ጋር አጠፋው። ለቀስተኛው ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ቅንድብ በሌለው አባቴ ፊት ደረቱን ሲደቃ ሰነበተ። አንዲት የእድር ሴትዮ ለጎረቤቷ «ልጁ ፎቶ አንሺ ነው ይሉ አልነበር?» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ።

ፎቶ አንሺም አይደለሁም። ሳምንቱን ቢሮ ፋይል ሳገላብጥ ውዬ ቅዳሜና እሑድ ካሜራ አንጠልጥዬ ወደ እንጦጦ የምወጣ ሰው ነኝ። እሱም ቢሆን አበሳ ነው። ሲግናል ሰፈር መንገድ ዳር ቆሜ ካሜራዬን ካወጣሁ ከየት መጣ የማይባል ጥበቃ «ወንድም፣ ምንድን ነው የምታነሳው? ፈቃድ አለህ?» ይለኛል። እፊቱ አሥር ወጣቶች በስልካቸው ይቀራረጻሉ፤ እነሱን አያይም። የእኔ ካሜራ ትልቅ ስለሆነ ክፋት ያለው ይመስለዋል። ጫካ ስገባ ደግሞ ሰላም አገኘሁ ስል፣ አንድ ቀን እንጨት የተሸከሙ እናት ካሜራው ከኋላቸው ቀጭ ሲል ሰሙና ዞር ሳይሉ «ልጄ፣ እኔ ፊት የለኝም?» አሉኝ። ያኔ ስቄ አለፍኩ። ከአባቴ ልቅሶ በኋላ ግን ነገሩ ሲያበግነኝ ከረመ።

ስለዚህ ለራሴ ማልኩ። እናቴ ላይ ይህ አይደገምም። ሚስቴ ልትወልድ አንድ ወር ቀርቷታል፤ እናቴም ሰባዎቹን ይዛለች፤ አባቴን ተከትላ ብትሄድስ የሚል ፍርሃት ልቤ ውስጥ ገብቷል። የምፈልገው አንድ ፎቶ ነው። እናቴ የምትወለደውን ልጅ ታቅፋ፣ የሁለቱም ፊት በደንብ እየታየ። ይህ ከባድ ጥያቄ ይመስላል?

ልጄ የአባቴ አርባ እንደወጣ ተወለደች። ከሆስፒታል በገባን ማግስት እናቴ መጣች፤ ቀሚሷ ጥቁር፣ ነጠላዋ ጥቁር፣ ሻሿ ጥቁር። ሕፃኗን ታቅፋ ትክ ብላ እያየች ሳመቻት። እኔ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ካሜራ ስነካ ቀና ሳትል «አስቀምጠው» አለች።

«እማዬ፣ ለማስታወሻ ነው እኮ።»

«በከል ፎቶ አይነሱም። በከል የተነሳ ሰው ከሉ አይለቀውም፤ እናቴ ናት የነገረችኝ። ሙት ዓመቱ ይውጣና እንደፈለግህ ታነሳናለህ።»

«እስከዚያ ዓመት ሊሆን አይደል?»

«ዓመት ምን አላት» አለችና ልጅቷን ማባበሏን ቀጠለች።

ዓመት ምን እንዳላት እኔ አየሁ። ሚስቴ ወደ ሥራ ስትመለስ ልጅቷን ቀን ቀን የምትይዘው እናቴ ሆነች። ጠዋት ከእንጦጦ ግርጌ ካለው ቤቷ በታክሲ ትወርዳለች፤ ማታ እኔ ሸኝቻት እመለሳለሁ። ልጄ መጀመሪያ የሳቀችው ለእሷ ነው፤ አላነሳሁም። የመጀመሪያዋን ጥርስ በጣቷ ዳብሳ ያገኘቻት እሷ ናት፤ አላነሳሁም። ልጅቷ ያለ ድጋፍ የተቀመጠችው በእሷ ጥቁር ቀሚስ ላይ ነው። የስድስት ወር ልጅ ነገ የስድስት ወር ልጅ አይደለችም፤ ይህን ለማን ላስረዳ? ልጅቷን ለብቻዋ አነሳታለሁ፤ ከእናቷ ጋር አነሳታለሁ፤ ከጎረቤት ድመት ጋር እንኳ አንስቻታለሁ። ከአያቷ ጋር ግን የለችም። ስልኬን ሰዓት ለማየት ባወጣ እንኳ እህቴ ታፈጥብኛለች። እሷም ከል ለብሳ የእናቴ ዘበኛ ሆናለች።

አንድ እሑድ ቢቸግረኝ የእናቴን የነፍስ አባት ጠየቅኳቸው። «አባ፣ በከል ፎቶ መነሳት ኃጢአት ነው?» ስላቸው ሳቁ። እንደዚያ የሚል አንብበው እንደማያውቁ ነገሩኝ።

«እንግዲያው እርስዎ ቢነግሩልኝስ?»

«ልጄ፣ እኔ ኃጢአቷን ልስማ እንጂ በልብሷ ምን አገባኝ» አሉና መስቀላቸውን አሳልመውኝ ሄዱ። ከእናቴ ጋር መጣላት እሳቸውም እንደማይሹ ገባኝ።

በስድስተኛው ወር ሰረቅኩ። እናቴ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ልጅቷን በሳፋ ታጥባታለች። ልጅቷ በርጥብ እጇ የእናቴን ሻሽ ጨምድዳ ጎተተችውና ከራሷ ላይ አወለቀችው። እናቴ ሳቀች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ድምፅ አውጥታ ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። በመስኮቱ አጮልቄ አነሳሁ። ከዚያ በፊት በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ፎቶ አንስቼ አላውቅም፤ ከዚያም ወዲህ አላነሳሁም።

ሦስት ቀን እንኳ አልቆየም። እህቴ የልጅቷን ፎቶ አሳየኝ ብላ ካሜራውን ተቀብላ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እያለች ሄዳ ደረሰችበት። ካሜራውን ይዛ ቀጥታ ወደ እናቴ ነው የገባችው። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ረጅም ጊዜ አየችው። ትወደዋለች ብዬ ነበር፤ እውነቴን ነው።

«አጥፋው» አለች።

«እማዬ፣ እየሳቅሽ እኮ ነው። ሳቅሽን እዪው።»

«እኔ ሳቄን አይደለም ያየሁት። ልጅቷን በከል መሀል ነው ያየኋት። እኔስ አርጅቻለሁ፤ እሷን ምን አድርጋ ነው? አጥፋው።»

እፊቷ አጠፋሁት። ከዚያ ሁለት ሳምንት አኮረፍኩ፤ እህሏን አልቀምስም አልኩ። ማኩረፌን ያወቀችው ግን አይመስለኝም፤ ምክንያቱም አንድም ቀን ብላ አላለችኝም። ዛሬም ያ ፎቶ ትዝ ሲለኝ ያንገበግበኛል።

ሙት ዓመቱ ደረሰ። እናቴ «ከሌን የማወልቀው እንጦጦ ማርያም ደጅ ነው» ብላ ነበርና ለማርያም ቀን ተቀጠረ። እኔ ደግሞ ቀኑን እንደ ሠርግ ተዘጋጀሁለት። ከዚያ በፊት ባለው ቅዳሜ ብቻዬን ወጥቼ ከአጥሩ ውጭ ዛፍ ሥር ቦታ መረጥኩ፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ብርሃኑ እንዴት እንደሚያርፍ አየሁ። ሁለት ባትሪ ቻርጅ አደረግኩ። እናቴ በነጭ ቀሚስ፣ ልጄ በእቅፏ፣ ከኋላቸው ደብዘዝ ያለ ጫካ። ዓመት ሙሉ የተቃጠልኩበት ነገር በአሥር ደቂቃ ያልቃል።

እናቴ ከአክስቴና ከእህቴ ጋር ገና ሳይነጋ ወጥታለች። እኔና ሚስቴ ልጅቷን ይዘን በኋላ ተከተልን። የያዝነው የራይድ መኪና ዳገቱ መሀል ላይ ፍሪሲዮኑ ተቃጥሎ ሸተተና ቆመ። ሹፌሩ «ትንሽ ይቀዝቅዝ» ይላል፤ እኔ ብርሃኑ እያመለጠኝ ሰዓቴን አያለሁ። ስንደርስ ሦስት ተኩል አልፏል። ዘመዶቻችን ዛፉ ሥር ተሰብስበው «ከዚህ በኋላ ሐዘን አያሳይሽ» እያሉ እናቴን ይስማሉ። ነጭ በነጭ ሆናለች። አሥር ዓመት የቀነሰች መሰለኝ።

«አምጡልኝ ልጄን» ብላ እጇን ዘረጋች።

ልጄ አሥራ አንድ ወር ሊሞላት ነው፤ ሰው መለየት ጀምራለች። ነጭ የለበሰችውን ሴትዮ አየች፤ እናቷ አንገት ውስጥ ተሸጎጠችና በጩኸት አቀለጠችው። እናቴ እንደ ወትሮዋ «ነይ የኔ እመቤት» ስትላት ድምጿን ሰምታ ቀና አለች፤ በዓይኗ ፈለገች፤ ነጩን ስታይ የባሰውን ጮኸች። አክስቴ ርቧት ነው አለች። ሌላዋ እንቅልፍ ነው አለች። ሌላዋ ዓይን በልቷት ነው፤ ጠበል ይረጭላት አለች። እኔ ደግሞ ካሜራ ይዤ ሚስቴን «ዝም ብለሽ ስጫት፤ ትለምዳታለች» እያልኩ እጮኻለሁ። ሚስቴ ሰጠቻት። ልጅቷ እናቴን በሁለት እጇ እየገፋች ወደ ኋላ ተለጠጠች። አንዱ ዘመድ «አልለመደቻትም እንዴ?» ሲል ሰማሁ።

እናቴ ልጅቷን ለሚስቴ መለሰቻት። «ዓመት ሙሉ አዝዬያት» አለች፤ «አላወቀችኝም።» የተናገረችው ለማንም አልነበረም። አባቴ ሲቀበር እንኳ ፊቷ እንደዚያ ሲሆን አላየሁም።

የወለቀው ከል እህቴ እጅ ላይ በፌስታል ነበር፤ ለደጀ ሰላሙ ምስኪኖች ሊሰጥ። እናቴ ፌስታሉን ተቀብላ ጥቁሩን ነጠላ አወጣችና ዘረጋችው።

«እማዬ፣ ምን ልትሆኚ ነው? የወለቀ ከል ተመልሶ አይለበስም» አለች እህቴ።

እናቴ ነጠላውን ከራሷ ጀምራ በነጩ ላይ ተከናነበች። ልጄ ከእናቷ ትከሻ ላይ ሆና አየቻት። ጩኸቷ ቀስ እያለ ቆመ። ከዚያ ሁለት እጇን ዘረጋች። እናቴ ስትቀበላት ልጅቷ የነጠላውን ጫፍ ጨምድዳ ፊቷን አያቷ አንገት ሥር ደበቀች፤ ገና ታነፋርቃለች። ዓመት ሙሉ ዓይኑን ማየት ያስጠላኝ ጨርቅ፣ የልጄን ዓመት ያጎደለባት ይመስለኝ የነበረው፣ ለእሷ አያቷ ነበር።

ካሜራው እጄ ላይ ነው፤ አላነሳሁትም። ዓመት ሙሉ በእናቴ አጉል እምነት የሳቅኩ ሰው እዚያች ቦታ ላይ ፈራሁ። ከሉ ባይለቃትስ?

«እማዬ፣ አውልቂው» አልኳት። «ፎቶው ይቅር።»

«አንሳ» አለችኝ፤ ልጅቷን ወደ እኔ አዙራ ጉንጯን በጥቁሩ ነጠላ እየጠረገች። «ነገ አያቴ ማን ነበረች ስትልህ የማታውቃትን ሴትዮ ልታሳያት ነው? አንሳ።»

አነሳሁ። ሁለተኛ ለማንሳት ግን አልደፈርኩም።