ከእኔ ቀድማ የተሻገረች ቦርሳ

ባለፈው ክረምት የተሳፈርኩበት ሞተር ብስክሌት ጭቃ ላይ ተንሸራቶ እግሬ ከተሰበረ ወዲህ አሶሳ እህቴ ቤት ዘጠኝ ወር ተቀመጥኩ። አጥንቱ ገጠመ፤ ልቤ ግን አልገጠመም። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ከተራራው ማዶ ነው። መኪና ተራራው ሥር ድረስ ያደርሳል፤ የቀረው በእግር ነው፤ ለጤነኛ ሰው አራት ሰዓት። ትምህርት ቢሮ ያሉት ሰዎች አዝነውልኝ መዝገብ ቤት ውስጥ ወንበር ሊሰጡኝ ፈቀዱ። የዝውውር ቅጹን ፈርሜ ሰኞ ማስገባት ብቻ ነበር የቀረኝ።

እኔ ግን እልኸኛ ነኝ። እናቴ «ልጅ ብዬ በቅሎ ወለድኩ» ትል ነበር። ቅዳሜ ጧት ከራሴ ጋር ተወራረድኩ፦ ተራራውን ብቻዬን፣ ያለ ምርኩዝና ያለ ማንም እርዳታ ከተሻገርኩ በመስከረም ወደ ተማሪዎቼ እመለሳለሁ፤ ካቃተኝ ቅጹን እፈርማለሁ። ቅጹን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፤ ምርኩዜን እህቴ አልጋ ሥር ደበቅኩና በመኪና እስከ ተራራው ሥር ሄድኩ።

ሚያዝያ ነበር፤ ፀሐይዋ ገና በጧቱ ታቃጥላለች። የደረቀው የቀርከሃ ቅጠል ያንሸራትታል። ከቀርከሃው ጫካ ሳልወጣ ጉልበቴ ይነዝረኝ ጀመር። ቦርሳዬም ለልጆቹ በገዛሁት መጻሕፍት ከብዷል። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ እግሬን ሳሽ አንዲት የበርታ ሴት ከኋላዬ ደረሰች። ከገበያ መመለሷ ነው። እንደ አካባቢው ሴቶች ትከሻዋ ላይ ዘንግ አጋድማለች፤ በአንዱ ጫፍ ጨውና ሳሙና የያዘ ቅርጫት፣ በሌላው ጫፍ በገመድ የታሰረ ድንጋይ ተንጠልጥሏል። ድንጋዩ ለምንም አይፈለግም፤ ዘንጉ ወደ አንድ ወገን እንዳያዘነብል ሚዛን ነው።

«ወዴት?» አለችኝ። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ያለበትን መንደር ነገርኳት። ዘንጓን አወረደች፣ ድንጋዩን ፈትታ ወደ ገደሉ ለቀቀችው፣ ከዚያ ቦርሳዬን አንስታ በቦታው ማሰር ጀመረች።

«ተይው፣ እኔው እሸከመዋለሁ» አልኳት ቆጣ ብዬ።

«ድንጋይ ዝም ብሎ ይከብዳል። ቦርሳህ ይሻላል» አለችኝ። «አንተ ነህ እኔን የረዳህ።» አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ነው፤ እኔን ሴቷንም አንተ ትለኛለች።

የረዳኋት እኔ ከሆንኩ ውርርዴ አልፈረሰም ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

ችግሩ በዘንግ የተሸከመ ሰው ቀስ ብሎ መሄድ አለመቻሉ ነው። ዘንጉ ይወዛወዛል፤ እግርም ውዝዋዜውን ይከተላል፤ ከተዘገየ ሸክሙ ሁሉ ትከሻ ላይ ይቀመጣል። አካሄዳቸው ሶምሶማ ነው። ሁለት ኩርባ ሳንታጠፍ ተሰወረችብኝ። ተጣራሁ፤ መልስ የለም። ያኔ ደሜ ፈላ። ውሃዬ፣ ስልኬ፣ መጻሕፍቱ፣ ቅጹ፣ ሁሉም ሄደ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም! እሷንም ራሴንም እየረገምኩ ዳገቱን ተያያዝኩት። አሁን ሳስበው ያን ዳገት ያወጣኝ ንዴት ነው።

አናቱ ላይ አንድ ሽማግሌ ከቤቱ ደጅ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር ቀርከሃ ይሰነጥቃል። አፌን ሳልከፍት፣ እሱም እንደ ሴትዮዋ በአንተ፣ «ቦርሳህ አለፈ» አለኝ። «ደህና ነው። አንተ ተቀመጥ።»

«እንዴት ጥላኝ ትሄዳለች?»

«ዘንግ አይቆምም» አለ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ። ውሃ በቅል ሰጠኝ፤ ማንጎ ላጠልኝ። እግሬን ሰረቅ አድርጎ አየ። ልሄድ ስነሳ ከቀርከሃው አንዱን መርጦ አንጓዎቹን አለሰለሰና ዘረጋልኝ።

«ምርኩዝ አልፈልግም፣ አባቴ።»

«ምርኩዝ አይደለም፤ ለውሻ ነው። ታች ውሻ አለ፤ ክፉ።»

ለውሻማ ከሆነ ብዬ ተቀበልኩ። ቁልቁለቱን ሙሉ ተደገፍኩበት። እስከ መንደሩ ድረስ አንድም ውሻ አላየሁም።

ከቁልቁለቱ በታች፣ ወንዙ ዳር፣ ጀሪካን የምትሞላ ሴት ከሩቅ እጇን አወዛወዘችልኝ። በሠፈራ ጊዜ ከወሎ ከመጡት ወገን ናት፤ አነጋገሯ ያስታውቃል። «አብሽሪ እህቴ! ቦርሳሽ ደህና ነው። ‹እግሩ የሚያመው አስተማሪ ከኋላ አለ፣ እዩልኝ› ብላ ነው ያለፈችው።» እግሬን ቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ አስነከረችኝና ጉልበቴን በሻሽዋ ጠበቅ አድርጋ አሰረችልኝ። ከዚያ ወደ መጣሁበት ቁልቁለት ጠቆመች። «ያ የሣር ጣሪያ ይታይሻል? የሷ ቤት ነው። ያንቺን ልታደርስ አልፋው ሄደች።»

አፈርኩ። መንገዱን ሙሉ የረገምኳት ሴት በቤቷ ደጅ አልፋ ቦርሳዬን ተሸክማ ትሮጣለች። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ተረት በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ልጆቹን በቃል አስይዣለሁ። አስተማሪዋ ግን አልያዘችውም ነበር።

መንደሩ የደረስኩት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ሴትዮዋ ትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ዛፍ ሥር፣ ቦርሳዬን እግሯ ሥር አድርጋ ተቀምጣለች። ቦርሳዬ ተነፋፍታለች።

«በየቤቱ ሰው ማንጎ ጨመረ፤ ለአስተማሪ ነው አለ» አለችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንዱ ፈነዳ። ወረቀት ተበላሸ። ትልቅ ነገር ነው?»

ቅጹን አወጣሁት። በማንጎ ጭማቂ ርሶ ስሜ የተጻፈበት መስመር ፈስሷል፤ የፊርማው ቦታ ተቀዷል። ሌላ ማግኘት ከባድ አልነበረም፤ ቢሮው ውስጥ የተከመረ ቅጽ ነው። ውርርዱም በደንቡ ከተቆጠረ ተሸንፌያለሁ፤ ሰው ተሸክሞልኝ፣ በትር ተደግፌ፣ በሻሽ ታስሬ ነው የደረስኩት። ግን ደርሻለሁ። እንዲህ ያሉ ሰዎች የሚኖሩበትን መንገድ ሸሽቼ ነበር መዝገብ ቤት ልገባ ያሰብኩት።

«አይደለም» አልኳት። «ምንም አይደለም።» ዕንባዬ መጣ፤ ደስታ ነበር።

ልትሄድ ስትነሳ ዘንጉ ወደ ቅርጫቱ አዘነበለ። ሁለታችንም ግቢው ውስጥ ድንጋይ ፍለጋ ጀመርን። መጀመሪያ በጣም ከባድ አነሳሁላትና ሳቀችብኝ። ሁለተኛውን በእጇ መዘነችና በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ገመዱን እኔ አሰርኩላት።

«መስከረም ትምህርት ሲከፈት ትመጣለህ?»

«እመጣለሁ።»

ዘንጉን ትከሻዋ ላይ አመቻቸች። «እንግዲያው መስከረም ድንጋይ እጥላለሁ» አለችና በሶምሶማ ወደ ዳገቱ ሄደች።