የመርሳው የቋንጣ ማጨሻ

እጄ ገብቶ ሳይሠራ የወጣ ዕቃ የለም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። ወልድያ ውስጥ ምጣዱ የተቃጠለበት፣ ፍሪጁ የቆመበት ሁሉ መጀመሪያ ወደ ወንዶቹ ይሄዳል፤ እነሱ ካበላሹት በኋላ ወደ እኔ ይመጣል። "ሴት ደግሞ ስለ ኤሌክትሪክ ምን ታውቃለች?" ያለኝ ሰው ቴሌቪዥኑን ታቅፎ ደጄ ላይ ሲቆም ከማየት የበለጠ የሚያስደስተኝ ነገር የለም።

አንድ የክረምት ጠዋት ከመርሳ ከተማ ተደወለልኝ። የደወለው፣ ቀደም ሲል የስጋ ማጨሻ የገጠምኩላቸው እናት ልጅ ነው። ማጨሻው ትንሽ ፍሪጅ የሚያህል የኤሌክትሪክ ሳጥን ነው፤ ከታች ሬዚስታንስ አለው፣ እሱ ሲግል በላዩ የተነሰነሰው የእንጨት ፍቅፋቂ ይጨሳል፣ ከላይ የተሰቀለው ስጋ በሙቀቱም በጭሱም ይደርቃል። ዓረብ አገር የምትሠራው ትልቋ ልጃቸው የላከችላቸው ነው። እሳቸውም ቋንጣ እያጨሱበት ይሸጣሉ። በክረምት ደመና በገመድ የተሰቀለ ቋንጣ ይሸታል እንጂ መች ይደርቃል!

"አልሞቅ አለ፣ ዛሬውኑ ድረሽልን" አለኝ ልጁ። "ስጋው ተዘልዝሎ ተቀምጧል። የመንገድ ስንቄ ነው።"

"ወዴት ነው መንገዱ?"

"ነይማ፣ ትሰሚያለሽ።"

ዕቃዬን ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መርሳ ስወርድ ልጁ በባጃጅ ተቀበለኝ፤ ቤት እስክንደርስ ሁሉንም ዘረገፈልኝ። ጎረቤት ከተማ ግራና ካሉት ጓደኞቹ ጋር በአፋር በረሃ አድርጎ፣ ባሕሩን ተሻግሮ እህቱ ዘንድ ሊሄድ ነው። ደላላው ከነገ ወዲያ ተዘጋጁ ብሏቸዋል። እናቱ አልቅሰው፣ ለምነው አልሆን ሲላቸው፣ "እንግዲያው ስንቅህን በእጄ ሠርቼ፣ ዱዓ አድርጌ ነው የምሸኝህ። ሳልመርቅህ ብትወጣ ግን ልጄ አይደለህም" አሉት። በእኛ አገር ደግሞ እስላሙም ክርስቲያኑም የእናት ምርቃት ሳይዝ ለሩቅ መንገድ ከቤት አይወጣም። ስለዚህ የልጁ ጉዞ ያለ ማጨሻው አይሆንም።

በሆዴ "ምን ዓይነት የተረገመ ሐሳብ ነው!" አልኩ። ግን እኔን የጠሩኝ ለሳጥኑ ነው።

እናትየው በር ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠው መስበሃቸውን ይቆጥራሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ተነስተው አቅፈው አገላብጠው ይስሙኛል። "መጣሽ ልጄ?" አሉኝና ዓይናቸውን እጄ ላይ ተከሉ።

ሶኬቱን በቴስተር ሞከርኩት፤ መብራት አለ። ስፒናውን ፈታሁት፤ ደህና ነው። ሳጥኑን ስሰካው የፊቱ መብራት ይበራል፤ ሬዚስታንሱ ግን እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ሙቀቱን የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት አወጣሁት፣ እሱም ምንም አልሆነም። ልጁ በትከሻዬ ላይ አስግጎ "ምን ሆኖ ነው? ይሠራል? እስከ ማታ ይደርሳል?" ይለኛል።

"ዞር በል፣ ብርሃን ጋረድክብኝ! እኔ ይዤው የማይሠራ አይተሃል?"

ያኔ ስልኩ ጮኸ፤ ጓደኞቹ ናቸው፣ እያወራ ወደ ውጭ ወጣ። ሳጥኑን አዙሬ የኋላውን ክዳን ፈታሁ። ወደ ሬዚስታንሱ የሚሄደው ሽቦ ወልቋል። መውለቁስ ይሁን፤ ጫፉ በንጹሕ ቢጫ ጨርቅ ተጠቅልሎ በክር ታስሯል።

ራሱ የወለቀ ሽቦ ጨርቅ አይለብስም። ደሜ ፈላ። በዚህ ጭቃ ከወልድያ የሚያስጎትተኝ የቱ ቀልደኛ ነው? ልጮህ ቀና ስል እናትየውን አየኋቸው። በራሳቸው ላይ ያሰሩት ሻሽ ቢጫ ነው፣ ጠርዙ ተቀዷል።

ክው አልኩ። ሳጥኑን የገጠምኩላቸው ቀን ይህንኑ ሽቦ አሳይቻቸው፣ "ይቺ ከወለቀች አይሞቅም፣ ጫፏ ብረት ከነካ ደግሞ አደጋ ነው" ብያቸው ነበር። አልረሱትም። ነቅለው፣ ብረት እንዳይነካ ጠቅልለው፣ ክዳኑን መልሰው ዘግተውታል። ስንት ባለሙያ ነኝ ባይ እንዲህ አጥርቶ አይሠራም።

መስበሃው ቆሟል። "ሌላ መላ አጣሁ፣ ልጄ" አሉኝ፣ ድምፃቸው ሳይወጣ።

አንጀቴን በሉኝ። ፒንሳው እጄ ላይ ነው፤ አንዴ ጫን ባደርገው ሳጥኑ ይሞቃል፣ ስጋው ይደርቃል፣ ልጁ ይሄዳል። ጣቶቼ ደግሞ የተፈታ ነገር ሲያዩ መግጠም እንጂ ሌላ አያውቁም። ከውጭ የልጁ እግር ሲሰማ ክዳኑን ቶሎ መለስኩትና ማጥበቅ ጀመርኩ።

"አገኘሽው?"

"ሬዚስታንሱ ተቃጥሏል። እቃው እዚህ አገር አይገኝም።"

"እንዴ! በሌላ ነገር አታስነሺውም?"

"አይሆንም።"

"አንቺም አቃተሽ?"

ይህን ጥያቄ በዕድሜዬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። የመጨረሻዋን ብሎን አጠበቅኩና "አዎ፣ አቃተኝ" አልኩት። እናትየው ፊታቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፈኑ። ልጁ ሳጥኑን በእግሩ መታው፤ "ከወልድያ መርሳ ድረስ ስምሽ የሚጠራው ለዚህ ነው?" ብሎ ጥሎኝ ወጣ።

ስጋው ለጎረቤት ተከፋፈለ። እናትየው እንደ ቃላቸው "ስንቅህ ሳይደርስ አልመርቅም" ብለው ጸኑ፣ እሱም ሳይመረቅ መውጣቱን ፈራ። ጓደኞቹ አልጠበቁትም። ከሄዱት የአንዱ እናት ዛሬም ይደውል ይሆናል ብላ ስልኳን ከእጇ አትለይም። እኔ ነገሩ ከበረደ በኋላ ተመልሼ ሄድኩና፣ በብዙ ፍለጋ ያገኘሁት አዲስ ሬዚስታንስ ነው ብዬ፣ ያንኑ ሽቦ ቀጠልኩት። እናትየው አገላብጠው ሳሙኝ።

ልጁ አሁን መርሳ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። ከሚኒባስ ስወርድ ገና ከሩቅ እያየኝ "አቃተኝ ባይዋ መጣች!" ብሎ ይጮሃል፤ ሾፌሮቹ ሁሉ ይስቁብኛል። ሌላ ሰው ቢሆን አፉን በፒንሳ ነበር የምይዘው። እሱን ግን ጮሆ እስኪጨርስ እጠብቀውና ባጃጁ ላይ እሳፈራለሁ።