የሚዞረው ሞርሳ

ልጄ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ጥፍሯን ስትቀባ፣ የቀለሙ ሽታ ልደታ ወደነበረው ቤታችን መለሰኝ፤ አወራላት ጀመር።

አባቴ ዓሣ ማጥመድ ይወድ ነበር። መንጠቆ ላይ ላባ በክር እየጠመጠመ ዝንብ የሚመስል ማጥመጃ ይሠራል፤ ክሩ እንዳይፈታም በእናቴ የጥፍር ቀለም ይቀባዋል። ከታመመ በኋላ ግን ግራ እጁ አልታዘዝ አለው።

"አርፈህ ተቀመጥ እንግዲህ" አለው አጎቴ። "በአንድ እጅ ምን ይሠራል?"

አባቴ በማግስቱ እኔን አስከትሎ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ ያገለገሉ የእጅ ሥራ መሣሪያዎች የሚሸጡበት ሱቅ ሄደ። ባለሱቁ መንጠቆ ነክሰው የሚይዙ ሁለት ትንንሽ ሞርሳዎች አወጣለት። አንዱ ከባድና የማይነቃነቅ ነው። ሌላው ቀጭን ሆኖ እጀታው ሲገፋ ከነመንጠቆው ይሽከረከራል።

"ለእርስዎ የማይነቃነቀው ይሻላል" አለ ባለሱቁ።

"የሚዞረውን ስጠኝ። እኔ መዞር ካቃተኝ እሱ ይዙርልኝ።"

መንገዱ ያደከመው መስሎኝ እጁን ያዝኩት።

ማታውኑ ሞርሳውን ጠረጴዛ ላይ አሰረው። የክሩን ጫፍ መንጠቆው ላይ አስሮ ሌላውን በጥርሱ ወጥሮ ያዘ፤ በቀኝ እጁ እጀታውን ሲያዞር ክሩ ላባው ላይ ተጠመጠመ። እናቴ ልትረዳው እጇን ስትዘረጋ በዓይኑ ከለከላት። ማጥመጃው ጠማማ ሆኖ ወጣ። ኮቱ ላይ ሰካው።

እሑድ አጎቴ ሲመጣ አባቴ በር ላይ ቆሞ ጠበቀው።

"ቦርሳዬን መኪና ላይ ጫንልኝ። ዓሣ ላጠምድ ባሌ ልሄድ ነው።"

ልጄ ቡሩሹን እንደያዘች ቀና አለች።

"ሄደ?"

"ሄደ። ባዶ እጁን ተመለሰ። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ሄደ።"