እንግዶቹ የሚያልፉበት ቤት

ግድግዳችንን ያስፈረስነው ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ቀን 1976 ዓመተ ምሕረት ነበር እላለሁ። መልሼ ደግሞ እጠራጠራለሁ። ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ገብርኤል ነው፤ እናቴ በገብርኤል ቀን ቤቷ ውስጥ መዶሻ እንዲመታ አትፈቅድም ነበር። ሃያ ይሁን እንግዲህ። ዓመቱን ግን አልስትም። ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ከተማው ሲታጠርና ቀለም ሲቀባ፣ በኮልፌ አናጢ የጠፋበት ክረምት ነው።

ቤታችን ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ቁልቁል ሲወርዱ መንገድ ዳር ያለች የጭቃ ቤት ነበረች። አባቴ ከሞተ ወዲህ የነካት ሰው የለም። ያን ክረምት በመንገዱ በኩል ያለው ግድግዳ ወደ ውጭ አዘነበለ። እናቴ ወይዘሮ ተሻለች ፈቃድ ልትጠይቅ ቀበሌ ስትሄድ፣ "ጥገና ይቻላል" አሏት። "ጣሪያው ከወረደ ግን አዲስ ግንባታ ነው። አዲስ ግንባታ ደግሞ አይፈቀድም። ቦታውን ይለቁና ቀበሌው አንድ ክፍል ይሰጥዎታል።"

ስለዚህ የምንፈልገው ጣሪያውን ሳያወርድ ከሥሩ ግድግዳውን የሚቀይር ሰው ነበር። በዓሉ ያልወሰዳቸው ጥቂት አናጢዎች መጥተው አዩ፤ ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። በመጨረሻ እናቴ ከአውቶቡስ ፌርማታው አጠገብ መጋዝ ታቅፈው የቆሙ አንድ ሰው ይዛ መጣች። ጋሽ ገሜዳ ይባላሉ። ከሆለታ ወዲህ ካለ ገጠር የመጡ፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል የሚያቀላጥፉ፣ ረጅምና ጉረኛ ሰው ነበሩ። ቤቱን አንዴ ዞሩና፣

"እኔ ያቆምኩት ቤት ከወደቀ መሬቱን ክሰሱ፤ እኔን አይደለም" አሉ።

ጣሪያውን በባላ ደገፉት። ጫፋቸው እንደ መንታ ጣት የተከፈለ ወፋፍራም የባሕር ዛፍ እንጨቶች ከወራጁ ሥር ገብተው ቆርቆሮውን ተሸከሙ። ከዚያ አሮጌውን ግድግዳ እያፈረሱ፣ የበሰበሱትን ቋሚዎች እየነቀሉ ያወራሉ። ምስማር የሚይዙት በአፋቸው ስለነበር ንግግራቸው አይለይም።

"ምስማሩን ትፋና ተናገር እንጂ፣ ገሜዳ!" ትላለች እናቴ። "ግማሹ አይሰማኝም።"

"ግማሹ ይበቃዎታል፣ እትዬ። ቀሪው ስድብ ነው።"

አንዱን ቋሚ በመዶሻ መታ መታ አደረጉና ምስማሩን ከአፋቸው አወጡ። "ይኼ እንደ ቀበሌው ሊቀመንበር ነው። ላዩ ወፍራም፣ ውስጡ ብል።"

"ኧረ በመድኃኔዓለም! ግድግዳ እንኳ የለኝ፣ ሰው ይሰማል!"

በማግስቱ አልመጡም። የመንገዱ ወገን ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ አልጋችንና ሳጥናችን ለአላፊ አግዳሚው ይታያል። ጎረቤታችን አልፊያ ብቅ ብላ፣ "ይኼኔ ሌላ ቤት ጀምሯል" አለች። "አናጢ እኮ አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን ካላፈረሰ እንቅልፍ አይወስደውም።" ዝናቡ በነፋስ እየተገፋ ሲገባ አንዱ ባላ ጭቃው ላይ ተንሸራተተ፤ ጣሪያው ሲጢጥ አለ።

እኔ ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ፤ ክረምቱን ቤት ነኝ። ልፈልጋቸው ሄጄ በዋናው መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ቀበሌ በጭነት መኪና ሰብስቦ ለበዓሉ የእንጨት ቅስት ሊያሠራቸው ወስዷቸዋል። ከቅስቱ አናት ላይ ሆነው አዩኝ።

"ተማሪዋ! ባላዎቹ ቆመዋል?"

"አንዱ ተንሸራቷል፣ ጋሽ ገሜዳ። እማዬ ተደግፋው ቆማለች።"

ምስማሩን መዳፋቸው ላይ ተፉ። "ሂጂ፣ ከባላው ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ክተቱ። እመጣለሁ።"

"መቼ?"

"እመጣለሁ አልኩሽ እኮ!"

ከሰዓት በኋላ የመጡት ግን እሳቸው አልነበሩም። የቀበሌው ሊቀመንበር ሁለት ሰው አስከትሎ ደጃችን ቆመ። እናቴ ባላውን አቅፋ እንደያዘች ፊቷ አመድ መሰለ።

"ምን ዓይነት ነውር ነው ይኼ?" አለ ሊቀመንበሩ። "የውጭ እንግዶች በዚህ በኩል ሊያልፉ!"

"የምን እንግዶች፣ ጓድ?"

"የበዓሉ እንግዶች ናቸዋ! ነገ ማታ ይኼ ግድግዳ ቆሞ፣ ተመርጎ ማየት አለብኝ።"

"አናጢ የለኝም። አናጢዬን ወሰዳችሁት።"

"አናጢ ይላካል" ብሎ ሄደ። እናቴ ያለውን ገና አልተረዳችም፤ ባላውን እንዳቀፈች እኔን ታየኛለች።

በማግስቱ ጠዋት የጭነት መኪናው ከነአናጢዎቹ ደጃችን ቆመ። መጀመሪያ የዘለሉት ጋሽ ገሜዳ ናቸው። ሌሎቹን እየተሳደቡ፣ እየጎተቱ፣ አዲሶቹን ቋሚዎች ተከሉ፤ ማገሩን መቱ። ጎረቤት ጭቃውን ያቀብላል፤ አልፊያ ቀሚሷን ሰብስባ ከሁሉ በፊት መምረግ ጀመረች። የመጨረሻው ባላ ሲነቀል ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን። ጣሪያው አንዴ አቃሰተና በአዲሶቹ ቋሚዎች ላይ አረፈ።

"ተቀመጠ?" አለች እናቴ።

"ተቀመጠ፣ እትዬ። እንግዲህ እርስዎም ይቀመጡ።"

የእንጨት ፍልጡ ላይ ቁጭ አለች። በጭቃማ እጇ አፏን ሸፍና ሳቀች፣ አለቀሰች፣ መልሳ ሳቀች። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ዱባለ የሚባለው አናጢ ውሃ ሲጠጣ ጠጋ ብዬ፣ "እንግዶቹ በእውነት በዚህ ያልፋሉ?" አልኩት።

ሳቁ ውሃውን አስተፋው። "የምን እንግዳ! ገሜዳ የፈጠረው እኮ ነው። ትናንት ከቅስቱ ወርዶ ሊቀመንበሩን፣ 'እንግዶቹ በቀራንዮ በኩል ይዞራሉ ሲባል ሰማሁ፣ እዚያ መንገድ ዳር አንድ ግድግዳ የሌለው ቤት አለ፣ ኋላ በእርስዎ እንዳይመጣ' ብሎ አስደነገጠው።" ከዚያ ዞር ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አንቺ ግን አልሰማሽም።"

አልሰማሁም። ያን ጊዜ ሊቀመንበርን በሐሰት ወሬ ያሯሯጠ ሰው ቢነቃበት ቤቱ ተመልሶ ማደሩን እንጃ። መስከረም ላይም አንድ እንግዳ በደጃችን አላለፈም፤ ደግነቱ የጠየቀ አልነበረም። ቤቷ ግን እናቴ እስክታርፍ ድረስ ቀጥ ብላ ቆማላታለች።

ጋሽ ገሜዳን እጃቸውን ላስታጥባቸው ውሃ ይዤ ቀረብኩ። አንድ ቀን ለሚያውቁት ቤት ያን ያህል እንዴት እንደደፈሩ ልጠይቃቸው ነበር። ለእናቴ አዝነው ይሁን፣ ላፈረሱት ግድግዳ ብለው ይሁን፣ ወይስ ሊቀመንበሩን ማሯሯጡ ጥሟቸው።

"ጋሽ ገሜዳ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ..."

የመኪናው ጥሩምባ ጮኸ። ቅስቱ አላለቀም። እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉና መጋዛቸውን አንስተው ሮጡ። እናቴ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ ከኋላቸው ሮጣ አቀበለቻቸው። ከመኪናው ላይ ሆነው ጎረሱና ወደ እኔ ዞረው አንድ ነገር ተናገሩ። አፋቸው ሞልቶ ስለነበር አልለየሁትም። መኪናው ወደ ኮልፌ ዳገቱን ወጣ።