አሚን የምትለው ድመት

መርሳ ላይ ከእትዬ ነኢማ ችግኝ የገዛ ሰው ሁሉ ሕጉን ያውቃል። ማንጎም ይሁን ሎሚ፣ ችግኙን በሁለት እጅህ ትቀበላለህ፣ እሳቸው ይመርቃሉ፣ አንተ "አሚን" ትላለህ። ክርስቲያን ከሆንክ "አሜን" ብትልም ችግር የለም። ዝም ካልክ ግን ችግኙን መልሰው ይወስዱታል። አንድ ጊዜ ወደ ወልድያ የሚጣደፍ የጭነት መኪና ሹፌር በመስኮት ተቀብሎ ሊነዳ ሲል በሩን ያዙና፣ "ልጄ፣ ያልተመረቀ ችግኝ እንጨት ነው፤ ማገዶ ከፈለግህ ሌላ ቦታ ግዛ" አሉት። ሰውየው ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ።

እኔ ከፊት ለፊታቸው ስልክ እጠግናለሁ። ዘረሰናይ እባላለሁ። አባቴ ከትግራይ መጥቶ ወልድያ የከተመ ነጋዴ ነበር፤ እኔ መርሳን ወድጄ እዚሁ ቀረሁ። አንድ ነገር ለምን እንደሚሆን ካልገባኝ ምግብ አይዋጥልኝም። ይህ ጠባዬ ሚስቴን አስመርሯል፣ ደንበኛ አባሯል። እንዲህ ያለ ሰው ከቪዲዮ መተግበሪያ ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሆን አስቡት።

የእትዬ ነኢማን ገጽ የከፈተችላቸው ልጃቸው ኢሕሳን ናት። እናቷ ሎሚ ሲያዳቅሉ፣ ችግኝ ሲያጠጡ ትቀርጽና ትለቅ ነበር። ነገረኛ ልጅ ናት፤ ከካሜራው ጀርባ ሆና እናቷን ስታርም ድምጿ ሁሉ ይሰማል። ከዚያ እንደ ብዙዎቹ የወረዳችን የሀብሩ ልጆች ወደ አረብ አገር ሄደች፤ ካሜራ መያዙም ለእኔ ተረፈ። ቪዲዮው ሁልጊዜ የሚያልቀው በምርቃት ነው። "የተከላችሁት ይጽደቅ፣ የወለዳችሁት ይደግ፣ የራቀው ይቅረብ" ይላሉ እትዬ ነኢማ። ከቪዲዮው ሥር በአቅራቢያችን ግራናና ሐራ ያሉ ጥቂት ገበሬዎች አሚን ብለው ይጽፋሉ።

ኢሕሳን መጀመሪያ ላይ ትደውል ነበር። አንድ ቀን አቆመች። የላካት ደላላ ስልኩን አያነሳም። እናትዮዋ ወራት ሙሉ ወሬዋ ጠፍቶባቸው ቆዩ፤ አንድ ዓርብ እኔ አስተያየቶቹን ሳነብላቸው አንድ የማናውቀው ሰው ብቅ አለ። ስሙ በአረብኛ ነው፣ ፎቶው የካርቱን ድመት። የጻፈው ግን በአማርኛ ነው፦ "አሚን እማ። አሠሪዎቼ ስልኬን ወስደውብኛል። በልጆቹ ታብሌት ነው የማይሽ። ደህና ነኝ፣ አታስቢ።"

እትዬ ነኢማ ሦስቴ አስነበቡኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድመቷ በየቪዲዮው ሥር እየመጣች "አሚን" ትላለች፣ ሌላ ቃል የለም፤ ለመጻፍ የሚበቃ ጊዜ አታገኝም መሰለኝ። እናትዮዋም ማንበብ ባይችሉም ድመቷን ያውቋታል፤ አጠገቧ ያለችውን ቀይ ልብ በጣታቸው ይጫናሉ። የእናትና የልጅ ወሬ ማለት ይኸው ነበር፤ አንድ አሚን፣ አንድ ልብ።

ችግሩ የመጣው ከመተግበሪያው ነው። ምን እንደነካው አይታወቅም፣ ቪዲዮዎቹን ለሰው ማሳየት ተወ። ግራና ያለው ገበሬ የእትዬ ነኢማን ሎሚ ብሎ ሲከፍት የሚመጣለት የሚጨፍር ጎረምሳና በማያውቀው ቋንቋ ድንች የሚልጥ ሰው ነው። እኔም ሰዓቱን ብቀይር፣ ቪዲዮውን ባሳጥር፣ ርዕሱን ባስረዝም ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። ለመተግበሪያው ባለቤቶች ጻፍኩ። "ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን" የሚል መልስ ወዲያው መጣ፤ ከመፍጠኑ የተነሳ ያነበበው ሰው እንደሌለ ገባኝ። በጣም ነው የተናደድኩት።

እትዬ ነኢማን ያስጨነቃቸው ሌላ ነገር ነበር። "ለግራና ካልደረሰ፣ ለልጄ እንዴት ይደርሳል?" አሉኝ።

"ሰው ብዙ ሲጽፍበት ያደርሰዋል ይላሉ" አልኳቸው፤ እንደዚያ ሲባል እሰማለሁ።

ለእሳቸው ይህ አዲስ ነገር አልነበረም። ዱዓም ቢሆን አንዱ ሲያደርግ ሌላው ካልተቀበለው ምኑን ዱዓ ሆነ? የሐሙስ ዕለት ዱዓ ላይ ተነስተው፣ "እባካችሁ፣ እዚህ በአፋችሁ የምትሉትን እዚያም ጻፉልኝ" ብለው ለመኑ። ወሎ አሚን አበድሩኝ ተብሎ ይነፍጋል? ከመርሳ እስከ ሲሪንቃ፣ እስላም ክርስቲያኑ ጻፈ። አንዱ አሥር ጊዜ ይደግማል። መጻፍ የማይችለው ከጎረቤቱ ገልብጦ ይለጥፋል። ገበያው መሐል ተሰልፈው ስልካቸውን እየሰጡ "አሚን ጻፍልኝ" የሚሉኝ እናቶች ነበሩ።

ድመቷ ጠፋች።

ከዚያ በኋላ በለቀቅነው የመጀመሪያ ቪዲዮ ላይ አልመጣችም፤ ሥራ በዝቶባት ይሆናል አልን። ቀጥሎም የለችም። እትዬ ነኢማ በየቀኑ መንገዱን ተሻግረው ይመጣሉ። "ድመቷ አለች?" ይላሉ። "አብሽሪ፣ አይዞሽ በለኝ እንጂ" ሲሉኝ ስልኩን ከፍቼ እንደገና እፈልጋለሁ። አንድ ጠዋት አንድ ገበሬ ማንጎ ሊገዛ መጣ፤ እትዬ ነኢማ ችግኙን ሰጡት፣ ሰውየው በሁለት እጁ ይዞ ምርቃቱን ጠበቀ፣ እሳቸው ፊታቸውን አዞሩ። ያለ ምርቃት ሸኙት። ይህን ሳይ ፈራሁ።

በዚያው ሳምንት የባጃጅ ሹፌሩ ሙባረክ ከግራና መጥቶ ሱቄ በር ላይ ጮኸብኝ።

"አሚኔን ለምን ታጠፋብኛለህ? የኔ አሚን ምን ጎደለው?"

"እኔ የማንንም አላጠፋሁም!"

"እህቴ የለም አለችኝ። በስልኳ አየሁት፣ የለም!"

ስልኩን ተቀበልኩት። በእሱ ስልክ ላይ አሚኑ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። በእኔ ላይ የለም። እኔ ራሴ አንድ ጻፍኩ፤ ለእኔ ይታያል፣ ለሙባረክ አይታይም። ጠብ ቀረና ሁለታችንም ጉጉት ያዘን። አንድ ላይ ተቀምጠን ስልክ እየተለዋወጥን ሞከርን። "ጥሩ ሎሚ ነው" ብለን ስንጽፍ ይታያል። "አሚን" የሚል ስንጨምርበት ይሰወራል። መተግበሪያው ያንን ሁሉ ሰው አንድ ቃል ሲደጋግም አይቶ አጭበርባሪ ማሽን ነው ብሎ ደብቆታል! ለጸሐፊው ግን የተደበቀበት መሆኑን አይነግረውም። እንዲህ ያለ ነውር አይቼ አላውቅም።

የተደበቀው የት ይሄዳል ብዬ የእትዬ ነኢማን ገጽ ቅንብር አንድ በአንድ ከፈትኩ። ለባለቤቱ ብቻ የሚታይ የተሸሸገ ቦታ አገኘሁ። ሙባረክን ሮጦ እንዲጠራቸው ላክሁት።

አሚን በአሚን ነበር፤ ጣቴ እስኪደክም ወደ ታች ሄድኩ። እትዬ ነኢማ ትከሻዬን ይዘው ከላይ ያያሉ። "ቁም!" አሉ በድንገት። እኔ አልፌያት ነበር፣ እሳቸው ግን ድመቷን ለዩዋት።

"አሚን" ትላለች። ቀጥሎ ያለው ቪዲዮ ሥር፣ "አሚን እማ።" ሌላው ሥር፣ "አሚን፣ እማ አይተሽኛል?" የመጨረሻውን ማንበብ ከበደኝ።

"አንብበው እንጂ ልጄ።"

"አሚን፣ እማ ተቀየምሽኝ እንዴ? ልቡን ለምን ተውሽው?" ብዬ አነበብኩ።

እትዬ ነኢማ ሳያዩ የባትሪ ካርቶን ላይ ቁጭ አሉ። "እኛ ነን" አሉ። "ልጄን በአሚን የሸፈንናት እኛው ነን።"

"እናንተ ምን አጠፋችሁ፣ ያ ደንቆሮ ማሽን ነው እንጂ" አልኩ። እውነቴን ነው፣ እስካሁንም ንዴቴ አልበረደልኝም። ሙባረክ ግን አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ እሱ ብቻውን ስንቴ እንደጻፈ እሱ ያውቃል።

የተደበቀው ላይ ልብ መጫን አይቻልም፤ ወዲያው እንቅረጽ አሉ። የሎሚ ግንድና ቢላ አምጥተው መንገድ ዳር ተቀመጡ፤ ችግኝ ሊገዛ የመጣውም መንገደኛውም ከበባቸው። ቸኩለው አዳቀሉ። ምርቃቱ ላይ ሲደርሱ ቀና አሉና፣ "ወገኖቼ፣ አላህ ውለታችሁን ይክፈላችሁ። የዛሬውን በአፋችሁ በሉልኝ፤ አትጻፉ። ጽሑፉን ለልጄ ተዉላት" አሉ። ካሜራውን ትክ ብለው አዩት። "ኢሕሳንዬ፣ አልተቀየምኩሽም። ያንቺን ደብቀውብኝ ነው። ወላሂ አላየሁትም።"

"አሚን!" አለ መንገዱ ሙሉ ሰው። ድምፁ ከቪዲዮው ውስጥ አለ፤ ከሥሩ ግን ማንም አንዲት ፊደል አልጣለም። ግራናም ሲሪንቃም ቃሉን ጠበቀ።

ያን ቀን ምንም አልመጣም። በማግስቱም እትዬ ነኢማ መደባቸውን ጥለው ከእኔ ዘንድ ዋሉ፤ ሻይ አስመጣሁላቸው፣ ሳይጠጡት ቀዘቀዘ። ከዓስር ሶላት ተመልሰው ገና ሳይቀመጡ ስልኩ ጮኸ። ድመቷ ናት። ብቻዋን፣ ባዶ ቦታ ላይ።

"ምን ትላለች? አሚን አለች?"

"አላለችም" አልኩ።

ፊታቸው ጠቆረ። ቶሎ ብዬ አነበብኩላቸው፦ "እማ፣ ቢላውን ሳታጥቢ ነው ያዳቀልሽው። አይቼሻለሁ።"

እትዬ ነኢማ አፋቸውን በሻሻቸው ያዙ። መጀመሪያ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየሳቁም ነው። "ይቺ ነገረኛ!" አሉ። "አልሐምዱሊላህ። አልሰበሯትም፣ ልጄ እንዳለች ናት።" ቀይዋን ልብ ተጫኑ፣ አልጠግብ ብለው እንደገና ሊጫኑ ሲሉ፣ ሁለተኛ ከተጫኑት ልቡ ይጠፋል ብዬ እጃቸውን ያዝኩ። ከዚያ መንገዱን ተሻገሩና ቢላውን አንስተው በሳሙና አጠቡት።