የሮቦቱ አገር

ልጄ አዲስ የፕላስቲክ ሮቦት ከካርቶኑ ስታወጣ ሽታው ሹም አቦ ሰፈር ወደነበረው የልጅነት ቤታችን መለሰኝ። እኔና ወንድሜ በቴሌቪዥን የሮቦቶች ፊልም እያየን ተጣልተናል።

«የተሳለው ጃፓን ነው፤ አኒሜ፣ የጃፓን ካርቱን ነው!» አልሁ።

«ታሪኩን አሜሪካኖች ጻፉት፣ መጫወቻውን ቻይናዎች ሠሩት፤ ምኑ ነው አኒሜ?» አለ ወንድሜ።

አባባ ከፋብሪካ ገብቶ ጫማውን ያወልቃል። እሱ የወላይታ፣ እማማ የቆላ ድባ ሰው ናቸው።

«እናንተስ የየት ናችሁ?» አለን።

«የሹም አቦ!»

አልሳቀም። «አንዳንድ ሰው በዚህ አይረካም» አለ። ያኔ አልገባኝም።

«እማዬ፣ ይሄ አኒሜ ነው?» ትለኛለች ልጄ አሁን፣ ሮቦቱን እያሳየችኝ።

ትናንት አዲሱ አከራያችን የየት እንደሆንሁ ጠየቀኝ። የሹም አቦ አልሁት።

«እሱስ ይሁን» አለኝ፤ «አባትሽ የየት ናቸው?»